የሙቅ ውሃው እጀታ

ውድ እህት ዓለም፣

ባለፈው ደውለሽ ማርገዝሽን ስትነግሪኝ «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኩና፣ ደንበኛ መጣብኝ ብዬ ቶሎ ዘጋሁት። ሳትታዘቢኝ አትቀሪም። ደንበኛ አልመጣም ነበር። ፀጉር ቤቱ ባዶ ነበር። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ የደንበኞች ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ሳየው ቆየሁ። አጎት ልትሆን ነው የተባለ ሰው ፊት አልነበረውም።

ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ከመሰለሽ ታገሺኝ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ለምን በግራ እንደሆነ ለመናገር ነው ይሄ ሁሉ ወረቀት። በስልክ ሞክሬው ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰርብኛል። እባክሽ ተቀምጠሽ አንብቢው። ባልሽ ቤት ካለ አጠገብሽ ይሁን።

ነገሩ የጀመረው ከባኞ ቤታችን ነው። ቤቱ አንቺ ጥለሽው እንደሄድሽ ነው። በሩ አሁንም ሲከፈት ያቃስታል፤ ያ ከባድ የብረት ገንዳም ግድግዳው ስር እንደ ጉማሬ ተኝቷል። ሁለቱን የቧንቧ እጀታዎች መቼም አትረሻቸውም፤ አራት ክንፍ ያላቸው፣ መሃላቸው ላይ የአንዱ ቀይ፣ የሌላው ሰማያዊ ነጥብ የነበረባቸው። ነጥቦቹ ከጠፉ ቆዩ። የሚያብለጨልጨው ተልጦ ከስሩ ቢጫው ብረት ወጥቷል፤ ክንፎቻቸውም በስንት ሰው መዳፍ ተፍቀው እንዳለቀ ሳሙና ሙልጭ ብለዋል። ከኛ በፊት እዚህ ቤት የኖሩ ሰዎችም፣ አባባም፣ እማዬም፣ እኔና አንቺም ተባብረን በልተናቸዋል።

አንድ ጠዋት ልታጠብ ገብቼ የሙቅ ውሃው እጀታ አልዞር አለኝ። ጨበጥኩት፤ ከእጄ ሾለከ። ፎጣ ጠቅልዬ ሞከርኩ፤ እንቢ አለ። በቀዝቃዛ ታጥቤ ወጣሁና ለባለቤቴ ይሄ እጀታ አርጅቷል፣ መቀየር አለበት አልኳት። እሷ ገብታ ከፈተችው። ግን ታግላ ነው፤ አንድ ሁለቴ ውሃም ሳይመጣ ባዶውን ዞሮባታል። ያ ባዶውን መዞሩ ምን ያህል ደስ እንዳሰኘኝ ልነግርሽ አልችልም።

ምክንያቱም በዚያ ሰሞን ሌሎች ነገሮችም ነበሩ። መቀስ ደጋግሞ ከእጄ ይወድቅ ጀምሮ ነበር። ጡረታ የወጣው ደንበኛዬ፣ «ዳኛው» የምንለው፣ መቀሱ እግሩ ስር ሲወድቅ ዛሬ ደግሞ ወለሉን ነው እንዴ የምታስተካክለው ብሎ ቀለደብኝ። ሳቅኩለት። ጎንበስ ብዬ ሳነሳው ግን ጣቶቼ ለመጨበጥ ሲያመነቱ አየኋቸው፤ መንገድ የጠፋቸው ሰዎች ይመስሉ ነበር። ዘይት በዝቶበት ነው አልኩ። የሸሚዜ ቁልፎች እንቢ ሲሉኝ ልብስ ሰፊው ቀዳዳውን አጥብቦት ነው አልኩ። ለሁሉም ጥፋተኛ አላጣሁለትም።

ይህን ስታነቢ ማን ትዝ እንዳለሽ አውቃለሁ።

እማዬንም እንዲሁ ነበር የጀመራት። ብርጭቆ ከእጇ ሲያመልጥ «የዛሬ ብርጭቆ ያዳልጣል» ትል ነበር። የበሩን ቁልፍ ማዞር ሲያቅታት ቁልፍ ሠሪ አስጠርታ ደህናውን ቁልፍ አስነቅላ በሌላ አስቀየረችው፤ ሌላውም እንቢ አላት። መጨረሻውን አብረን አይተናል። መጀመሪያ እጇ፣ ከዚያ ክንዷ፣ ከዚያ እግሯ፣ በኋላም ድምፅዋ። ሐኪሙ ጠርቶን «በቤተሰብ የሚወርድ ዓይነት ይመስላል፤ ከፈለጋችሁ እናንተ ደም ሰጥታችሁ ማወቅ ትችላላችሁ» ሲለን፣ አንቺ ንግግሩን ሳታስጨርሺው ተነስተሽ ወጣሽ። ኮሪደሩ ላይ ስደርስብሽ «አንተም አታንሳው፣ እኔም አላነሳውም» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። ይኸው እስከ ዛሬ አንዳችንም አላነሳነውም።

ስለዚህ ነገሩ ለኔ የእጀታ ነገር ብቻ አልነበረም። እጀታው አርጅቶ ከሆነ እጄ ደህና ነው። እጀታው ደህና ከሆነ ግን… ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልፈልግም ነበር።

ሮጬ አዲስ ጥንድ እጀታ ገዛሁ። ባለሱቁ ቧንቧው የድሮ ስለሆነ ልኩን ይዘህ ና ብሎ መልሶኝ፣ ልኩን ወረቀት ላይ ነድፌ ወስጄለት ነው ያገኘልኝ። በእረፍቴ ቀን ካቻቢቴ ይዤ ገንዳው ውስጥ ቁጢጥ አልኩ። የአሮጌውን እጀታ የመሃል ክዳን በቢላ ጫፍ ፈልቅቄ ሳነሳ፣ ብሎኑ ዝጎ ተቀምጧል። ካቻቢቴውን ሰክቼ ላዞር ስል እጄ እንደ እርጥብ ጨርቅ እጥፍ አለ። ደግሜ ሞከርኩ። ላብ አጠመቀኝ። ዝገቱ ነው፣ ዝገቱ ነው እያልኩ ለራሴ ስደጋግም ባለቤቴ በበሩ ስታልፍ አየችኝ። ሄዳ ቧንቧ ሠሪ ጠራች።

ቧንቧ ሠሪው ገና ከበር ጀምሮ የሚቀልድ ሰው ነው። ዋናውን መዝጊያ ዘጋና ብሎኑ ላይ ዘይት ረጨበት፤ ትንሽ ይጠጣ፣ ይሄም እንደ ሰው ሳይጠጣ ምስጢር አይለቅም አለ። እሱም ቢሆን ፊቱ እስኪቀላ ታግሎ ነው የፈታው። ከዚያ የሙቁን እጀታ ነቅሎ ገለበጠና አሳየኝ። ውስጥ ውስጡን ዘንጉን ነክሰው የሚይዙት ጥርሶች ተበልተው አልቀዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ድዱ ብቻ ነው የቀረው» አለኝ። «በምኑ ይንከስ?»

እህት ዓለም፣ ከዚያ በፊት እንደዚያ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም። ቧንቧ ሠሪው ቀልዱ የሠራለት መስሎት ደጋገመልኝ። እኔ ግን የሳቅኩት እጀታው ነው፣ እጄ አይደለም ብዬ ነበር። አዲሶቹን ገጥሞ ሲጨርስ ወደ በሩ ሸኘሁት፤ እጁን ስጨብጠው በቀኝ ነው የጨበጥኩት፤ የጨበጥኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ደስ የሚሉ ነበሩ። በየጠዋቱ ባኞ ቤት ገብቼ የሙቁን እጀታ ስነካው ያለ ምንም ችግር ይከፈትልኛል። እንደ ቅቤ ነው። ሥራ ቦታ መቀስ ሲወድቅብኝ እንኳ ከቁም ነገር አልቆጥረውም፤ ቤት ያለው ማስረጃ ይበቃኛል። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሙቁ ቧንቧ ያንጠባጥባል። ስገባ ጠብ፣ ስወጣ ጠብ። አዲስ ነገር ገጥሜ ለምን ያንጠባጥባል ብዬ ቧንቧ ሠሪውን መልሼ ጠራሁት። ፈታው፣ ውስጡ ያለችውን ትንሽ ጎማ አውጥቶ አየ፣ መለሳት። አጥብቆ ዘጋውና ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። ጠብ የሚል ነገር የለም።

«ቧንቧው ምንም አላለም ጋሼ። ከቤት ሰው አንዱ ሳያጠብቀው እየተወው ነው» ብሎኝ መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ።

ራት ላይ ባለቤቴን ተናገርኳት። ውሃው እንደሚባክን፣ ማሞቂያውም በከንቱ እንደሚሠራ፣ ቧንቧ መዝጋት እንዲህ ከባድ ነገር እንዳልሆነ፣ ልክ እንደ አለቃ ዘረዘርኩላት። ሳህን እያነሳች ነበር። ቆም ብላ አየችኝ። የሆነ ነገር ልትለኝ ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ነበር።

«እሺ፣ አጠብቀዋለሁ» አለችና ወደ ወጥ ቤት ገባች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ሥራ ቦታዋ ስብሰባ ነበራት። ልጄ ሚጡ ጓሮ ጭቃ ስታቦካ ውላ ሰው አትመስልም። የማጥባት እኔ አልነበርኩም፣ ታውቂያለሽ፣ እናቷ ናት። ያን ቀን ግን ልቤ ቀለል ብሎኝ ነበርና ነይ ዛሬ እኔ ልጠብሽ አልኳት። በግራ እጄ ቀዝቃዛውን ከፍቼ ትንሽ አጠራቀምኩና ገንዳው ውስጥ አቆምኳት፤ ሳሙና በሳሙና አደረግኳት። ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። «አባዬ፣ በረደኝ» አለች። እንዳትወድቅ በግራ ክንዴ ወገቧን አቅፌ በቀኝ እጄ ወደ ሙቁ ሄድኩ።

እጀታው አልነቃነቅ አለ።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት፤ ጣቶቼ ተከፈቱ። ደግሜ ያዝኩት፤ ተከፈቱ። በመዳፌ ክንፉን በሙሉ ክብደቴ ስገፋው በአንዴ ለቀቀና ውሃው እየጮኸ ወረደ። ማሞቂያው ሲንተከተክ የዋለ ነበር መሰለኝ፣ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ሚጡ ጮኸች። ልዘጋው እጀታውን ብይዘው እጄ አልጨብጥ አለ። አልደከመም፣ አላመመኝም፤ ብቻ የለም። የሌላ ሰው እጅ ክንዴ ላይ የተሰካ ይመስል ነበር። በመዳፌ ልመልሰው ብገፋ ሳሙናው አሾለከኝ። በግራ ክንዴ ብድግ አድርጌ ላወጣት ስል ሰውነቷ አዳለጠኝና ከክንዴ ሾልካ ተመልሳ ገንዳው ውስጥ ቆመች። ልጄን መያዝ አልቻልኩም፣ እህት ዓለም። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ራሱ አሰረኝ። ውሃው ወደ እግሯ ሲጠጋ እያየሁ ቆምኩ፤ ግራውን እጄን እንኳ ማዘዝ አቃተኝ።

እሷ ናት የዘጋችው። እያለቀሰች ክንዴ ላይ ተንጠራራችና በዚያች ጭቃዋ ባልለቀቀ እጇ እጀታውን ይዛ አዞረችው። ውሃው ቆመ። እንባዋን በክንዷ ጠራርጋ አየችኝ።

«አባዬ፣ በጣም ቀላል ነው እኮ» አለችኝ።

እግሯ ትንሽ ቀልቶ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ ሳፈስበት፣ ሳፈስበት ቆየሁ። ደህና ናት፤ ይህን ቶሎ ልንገርሽ ብዬ ነው። ቆዳዋም አልተላጠ፣ ማታ ሲሆን ጠፍቶላታል። እኔ ግን እስካሁን ዓይኔን ስጨፍን ያች ከክንዴ ስትሾልክ ትሰማኛለች።

ባለቤቴ ስትመጣ የልጅቷን እግር አየች፣ ፊቴን አየች። ሳትጠይቀኝ አፌን ያዝ እያደረገኝ አዲሱ እጀታም እንደማይረባ፣ ያ ቧንቧ ሠሪ ቀልድ እንጂ ሙያ እንደሌለው መናገር ጀመርኩ። ክንዴን ይዛ ባኞ ቤት አስገባችኝና በሩን ከኋላችን ዘጋችው። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እጀታው አይደለም» አለች።

አዲሱን እጀታ በጣቷ ነካችው።

«ሳላጠብቀው የምተወው እኔ ነበርኩ። አንተ እንድትከፍተው ብዬ ነው።»

ለካ ባኞ ቤቱን ብቻ አልነበረም። የማሩን ጠርሙስ ክዳን አስቀድማ አላልታ ነበር ጠረጴዛ ላይ የምታስቀምጠው። የሸሚዞቼን ቀዳዳ በመርፌና በመቀስ አንድ በአንድ አስፍታቸዋለች፤ እኔ ልብስ ሰፊውን ስወቅስ እሷ እየሰማች። የበራችንን ቁልፍ ከኔ ቀድማ መክፈት የጀመረችው እኔን ለመቀበል ጓጉታ መስሎኝ ነበር። ከመቼ ጀምሮ ብዬ ጠየቅኳት። አንተ ራስህ ከማወቅህ በፊት ጀምሮ አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?» አለች። ቁጣ አልነበረበትም። «ስለ እናትህ አንድ ቀን እንኳ አጫውተኸኝ አታውቅም። ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። አፍህን እስክትከፍት ጠበቅኩ። እኔ ካወጣሁት እውነት የሚሆን መሰለኝ።»

ከዚያ ለቅሶ መጣባት። ትናንት አጥብቂ ስትለኝ አጠበቅኩት፣ ሚጡን ታጥባታለህ ብዬ አላሰብኩም፣ ምን ነክቶኝ ነው እያለች ደረቷን ትደቃለች። እጇን ያዝኩ፤ በግራ። እሷ ለኔ ብላ፣ እኔ ለራሴ ብዬ፣ ስንደባበቅ መሃል ላይ ልጃችንን ልናቃጥል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን ስንት ጊዜ ለደንበኛ ተርቼዋለሁ መሰለሽ፤ ምላጭ ይዤ ከሰው አንገት አጠገብ ቆሜ።

በነጋታው ምላጮቹን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኳቸው። ጢም አልላጭም ስል «ዳኛው» ምን ሆነሃል አለኝ፤ ማሽን ብቻ ነው የምሠራው ብዬ አለፍኩት። አየሽ፣ ቀን ቀን ስለ እጄ ያን ያህል አልፈራም ነበር። የፈራሁት የዚያን ሰው አንገት ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አምኖኝ፣ ወንበሬ ላይ ጋደም የሚለውን ሰው።

ሐኪም ዘንድ ባለቤቴ ናት ይዛኝ የሄደችው። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። ጣቶቿን እንድጨብጥ አዘዘችኝ፤ በግራ ስጨብጣት «በቃ፣ በቃ» ብላ ሳቀች፣ በቀኝ ስጨብጣት አልሳቀችም። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለውን ቦታ በመብራት አየችው፤ ሥጋው ጎድሏል። እኔ በየቀኑ በዚያ እጅ ስሠራ አላየሁትም ነበር። እማዬን ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ሲወጣ፣ እንደፈራሁት ጣሪያው አልወረደብኝም።

ያለችኝን እንዳለችው ልንገርሽ፤ አልጨምርበትም፣ አልቀንስበትም። ፀጉር አስተካካዮች ዕድሜ ልካቸውን አንገታቸውን ደፍተው ክንዳቸውን አንስተው ስለሚሠሩ፣ አንገት ላይ ያለ ነርቭ ተጨፍልቆ እጅን እንዲህ ሊያሰንፍ ይችላል። ያ ከሆነ ይታከማል። የእናቴም በሽታ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ የሚያድን ነገር እስካሁን የለም። በዓይን አይቼ ልለየው አልችልም አለች፤ የደም ምርመራው ነው የሚለየው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እህት ወይም ወንድም እንዳለኝ ጠየቀችኝ። አንድ እህት አልኩ።

«እንግዲያው የእርስዎ ውጤት የእሷም ወሬ ነው» አለችኝ። የኔ ደም የእማዬን ነገር ካሳየ፣ አንቺም ያለሽበት ዕድል ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ወይ ጎፈር እንደማለት ነው፤ ከአንቺም ወደ ልጅሽ። ደም ከመስጠትዎ በፊት ያነጋግሯት አለች። እሺ ብዬ ወጣሁ። ዛሬ ልደውል፣ ነገ ልደውል እያልኩ ስልኩን እያነሳሁ ሳስቀምጥ፣ አንቺ ቀድመሽኝ ደወልሽ። ያን ወሬ ይዘሽ።

አሁን ለምን ቶሎ እንደዘጋሁት ገባሽ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ይቺን ተረት ድሮ ስሰማ ስለ ንብረት የተነገረች ነበር የምትመስለኝ። አሁን ሚጡ ስትጫወት ጣቶቿን አያለሁ። ብርጭቆ ስታነሳ ትንፋሼን እይዛለሁ። አንድ ቀን እርሳስ ከእጇ ወድቆ፣ ልጅ ስለሆነች ብቻ ወድቆ፣ እኔ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ተነሳሁ፤ ደነገጠችብኝ። እንደዚህ ሆኖ መኖር አይቻልም፣ እህት ዓለም። የማላውቀውን መፍራት ከማወቁ በላይ ከበደኝ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ደም እሰጣለሁ። አትስጥ ብትይኝም እሰጣለሁ፤ አልዋሽሽም። ያኔ ኮሪደሩ ላይ እሺ ያልኩሽን ያፈረስኩብሽ እኔ ነኝና፣ ብትቆጪኝ ተቆጪኝ።

የኔን ማወቅ ግን አንቺን ማስገደድ አልፈልግም። አንቺ ሌላ ሰው ነሽ፤ አሁን ደግሞ ሁለት ነሽ። ስለዚህ እንዲህ አስቤያለሁ። ውጤቱን ከባለቤቴ ጋር ገብተን እንሰማለን። ከዚያ እደውልልሻለሁ። መስማት ከፈለግሽ «ንገረኝ» በይኝ፤ እነግርሻለሁ፣ ክፉም ቢሆን ደግም ቢሆን። መስማት ካልፈለግሽ ደግሞ ምንም ማስረዳት፣ ይቅርታ መጠየቅም የለብሽም። ለልጅሽ ያሰብሽውን ስም ንገሪኝ። ይገባኛል። ማን እንዳወጣው፣ ባልሽ ወዶት እንደሆነ፣ ሲያቆላምጡት ምን እንደሚመጣ፣ ሴት ከሆነችስ ወንድ ከሆነስ እያልን የስልኩ ሂሳብ እስኪያልቅ ስለ ስም እናወራለን። ድምፄ ላይ ምንም እንዳትፈልጊ። ደንበኛ መጣብኝ ብዬም አልዘጋብሽም።

እስከዚያው በደንብ ብዪ፣ ከባድ ነገር አታንሺ። ፈርቻለሁ፤ ይህን ካንቺና ከሚጡ እናት በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

አጠገብሽ ባይሆንም ካንቺ ያልራቀው
ወንድምሽ